የፓይን ሌኳ ትንሽ መድፍ

ባለፈው የፎርዝ ኦፍ ጁላይ የነጻነት በዓል አመሻሽ፣ ማሪዬታ ካለው ቤቴ ደጅ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ ጎረቤቶቼ ርችት ተኩሰው ኖሮ የባሩድ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ያ የተጫረ ክብሪትና የገማ እንቁላል የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ ሳላስበው በሰማንያዎቹ ወደኖርንበት የሐይቅ ዳር ሰፈር፣ ወደ ፓይን ሌክ፣ ወደ ሚስተር ዋልተር ጋራዥ ይዞኝ ሄደ።

ሚስተር ዋልተር ከነሐስ ትንንሽ መድፍ የሚሠሩ ጡረተኛ ጎረቤታችን ነበሩ። አባዬ ደግሞ ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ፣ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ እንኳ እኔንና ታናሼን ሳራን አቅፎ መሬት ላይ የሚተኛ ሰው ነበር። ይህን ያዩት ሽማግሌ አንድ ቀን በራችንን አንኳኩተው «ቅዳሜ ልተኩስ ነው፤ እንዳይደነግጡ መጀመሪያ መጥተው ይዩት» አሉት። ሄዶ አየ፤ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋራዡ አይጠፋም ነበር።

አባዬ እንግሊዝኛ ስለማይችል አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። መድፉ ከክንዴ ያጠረ ሆኖ ሁለት የእንጨት ጎማ ባለው መሸከሚያ ላይ ይቀመጣል፤ ባሩዱ የሚቀጣጠለው በኋላው በኩል ስለሆነ እዚያ ጋ ይወፍርና ወደ አፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ገመዱ ሲሳብ ትንሽ መዶሻ ትወድቅና እሳቱን ትለኩሳለች። ጥይት አይጎርስም፤ ሥራው የሐይቁን የጀልባ ውድድር በጩኸቱ ማስጀመር ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ቃል በቃል ያስረዳሁት እኔ ስሆን ሳራ ወለሉ ላይ ብሎን ስታንከባልል ትውላለች።

የውድድሩ ቀን ሚስተር ዋልተር «ገመዱን ከልጆችዎ የትኛዋ ትሳበው?» አሉ። ጥያቄውን ለአባዬ ያደረስኩት እኔን እንዲመርጠኝ እየተመኘሁ ነው።

«ሳራ ትሳበው» አለ።

መልሱንም ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት።

ሳራ ሳበችው። ሐይቁ አስተጋባ፣ ነጭ ጭስ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ አባዬም በመደንገጥ ፈንታ ትከሻዋን ይዞ ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። ሳቁን ወድጄው፣ የእሷ በመሆኑ ግን ውስጤ ተቃጠለ።

አባዬ ካረፈ ቆየ። ያን አመሻሽ ኢስት ፖይንት ለምትኖረው ሳራ ደወልኩላትና ስለ መድፉ አነሳሁላት።

«የምን መድፍ?» አለችኝ። «ኦኔስትሊ፣ ምንም ትዝ አይለኝም።»

ዕድሜዬን ሙሉ የቀናሁበት ቀን ለካ እሷ ዘንድ የለም። ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው፤ እኔ ጋ ደግሞ የአባዬ እጅ አሁንም የሳራ ትከሻ ላይ ነው።