የካርታዋ የመጀመሪያ በረራ

ቲኬት ሻጯን ባልደረቦቿ «ካርታዋ» ይሏታል። የበረራ ርቀትና ሰዓት እንደ ውሃ የጠጣች ናት፤ በሃያ ዓመት ሥራዋ ግን አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም።

አንድ ቀን ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ እናት ቲኬታቸውን አገላብጠው፣ «የኔ ልጅ፣ በረራው ስሄድ አሥራ አንድ ሰዓት ፈጅቶ፣ ስመለስ አሥር የሆነው ለምንድን ነው?» አሏት።

«ርቀቱስ ያው ዘጠኝ ሺህ ኪሎ ሜትር ነው፣ እማማ። ሲመለሱ ነፋሱ ከኋላ ይገፋዎታል።»

«ልጄን ትቼ ስመጣ ምን አስቸኮለው?»

ካርታዋ ሳቀች። ሴትዮዋ ሲወጡ ግን እሳቸው በሚሄዱበት ከተማ የምትኖረው እህቷ ትዝ አለቻት፤ ከተያዩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቃ ለራሷ ቲኬት ቆረጠች።

እህቷ ተቀብላት «መንገዱ እንዴት ነበር?» ስትላት፣ «አሥራ አንድ ሰዓት ከ…» ብላ ሳትጨርስ እንባዋ ቀደማት።