የሄማ ሰርግና የእማዬ ቅቤ

እማዬ ቅቤ ባነጠረች ቁጥር የጭስ አላርሙ ይጮሃል፤ በጮኸ ቁጥር ደግሞ ወንበር ላይ ቆሜ በፎጣ የማራግበው እኔ ነኝ። ከአትላንታ ወጣ ብሎ ስኔልቪል ይኼን ቤት ከገዛን ወዲህ የቅዳሜ ሥራዬ ይኼው ሆኗል። መስኮት እንክፈት ስላት «ጎረቤት ይሸተዋል» ትለኛለች። የጎረቤት አፍንጫ ያሳሰባት ገና ዛሬ ነው፤ አስር ዓመቴ ሳለ በዚሁ ቅቤ የሰው ሰርግ መሃል ላይ ስታስቆም ግን ምንም አልመሰላትም።

ከሱዳን አትላንታ ከመጣን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። አባዬ ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራል፣ እማዬ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤታችን ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ግድግዳ የምንጋራቸው ህንዶች ቤት እገባለሁ። እናትየዋ ሻንታ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ልጇ ሄማ የማታ ኮሌጅ ስለምትማር ከሰዓት ቤት ነች። ሄማ ፀጉሬን ታበጥረኛለች፣ የቤት ሥራዬን ታያለች፣ አውቶቡስ ላይ የሚያሾፉብኝን ልጆች በየትኛው እንግሊዝኛ ብሰድባቸው አፋቸው እንደሚዘጋም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ታዲያ ይችን ሰው አንድ ሂዩስተን ያለ ሰውዬ ሊያገባት ነው ተባለ። ሂዩስተን የት ነው ብዬ አባዬን ብጠይቀው «በመኪና ቀኑን ሙሉ መንዳት ነው» አለኝ፤ ሙሽራውን ያኔውኑ፣ ሳላየው ጠላሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ሁሉ ሰርግ፣ ሰርግ፣ ሰርግ። ፓንዲት የሚሉት ካህናቸው ኮከብ ቆጥሮ ቅዳሜ ጠዋት አለ፤ ከቀትር በፊት ካላለቀ ደግሞ ደግ አይደለም አለ። ሙሽሮቹ የሚዞሩት እሳት መንደድ አለበት፤ የአፓርታማው ማናጀር ደግሞ አዳራሼ ውስጥ ክብሪት የሚጭር አላይም ብሎ ድርቅ አለ። ስለዚህ ዳሱ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ይተከል ተባለ፤ መኪና ማስነሳት ሙያው ስለሆነ አባዬ በየበሩ እየዞረ አስለቀቀ። አክስቶቿ በወጋቸው ሄማን እርድ ሲቀቡ እኔንም ይዘው ቀቡኝ፤ ሰኞ አስተማሪዬ የወፍ በሽታ የያዘኝ መስሏት ነርስ ጋ ላከችኝ። እማዬ በዚህ ሁሉ መሃል ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። ሙሽራዋ የሰርጓን ቀን ጾማ እንደምትውል ስትሰማ «ይኼማ ተክሊል ነው» ብላ እንደ ገዛ ልጇ ሰርግ ገባችበት። የሻንታ ፍሪጅ በጣፋጭ ሲሞላ ፓንዲቱ እሳቱ ላይ የሚያፈሰው ንጹሕ ቅቤ በማዮኔዝ ጠርሙስ ሆኖ እኛ ፍሪጅ ውስጥ ተቀመጠ። እማዬም የራሷን ቅቤ የምታስቀምጠው በማዮኔዝ ጠርሙስ ነው። ቀኑን ሙሉ ያመሰን ይኼ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ቅዳሜ ሙሽራው ጣሪያ በሌለው ቀይ መኪና መጣ፤ ዘመዶቹ ፊት ፊቱ እየጨፈሩ አላስኬድ ስላሉት ከመንገዱ እስከ ዳሱ ያችን አጭር ቦታ ለመድረስ ጠዋቱ ሊያልቅ ነበር። እማዬ የሀበሻ ቀሚሷን ለብሳ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ፓንዲቱ ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር እልል ትላለች። እሱ እየጸለየ በማንኪያ ቅቤ እሳቱ ላይ ያፈሳል። ሳህኑ ሲጎድል ሻንታ ለእማዬ በዓይኗ ጠቀሰቻት፤ እማዬም ሮጣ ጠርሙስ አመጣች። ፓንዲቱ አንድ ማንኪያ አፈሰሰ፤ ፓርኪንግ ሎቱ በሙሉ ዶሮ ወጥ፣ ዶሮ ወጥ ሸተተ።

ከኋላችን ጋሽ ታደሰ፣ የአባዬ የሥራ ጓደኛ፣ «እንጀራ ብቻ ነው የቀረው» ሲል ሰማሁት።

ፓንዲቱ እዚህ ውስጥ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። እማዬ አሠራሩን ሊማር የፈለገ መሰላት። «ኮሰረት በይው፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት። ተርጉሚለት እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ?»

ተረጎምኩለት። ኮሰረትን እንደምንም አለፍነው፤ ነጭ ሽንኩርት ላይ ስደርስ ማንኪያውን አስቀመጠ። ለካ እነሱ ሽንኩርት የሚባል ነገር ለአምላክ እሳት አያቀርቡም። እሳቱ ጠፍቶ፣ ቦታው ታጥቦ፣ በንጹሕ ቅቤ እንደ አዲስ ይነድ አለ፤ ቀትሩም እየደረሰ ነው። ከመጀመሪያውም ሄማን ያልወደደቻት የሙሽራው አክስት ሳሪዋን ሰብስባ ተነሳች፤ «ገና ከመግባቷ ምልክቱ ይኸው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት። ሻንታ አለቀሰች። እማዬ «መርዝ ጨመርኩባቸው እንዴ?» እያለች ከአባዬ ጋር ትጨቃጨቃለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ደስ ብሎኛል። ቀትር ካለፈ አትሄድም ብዬ ነበር በልቤ።

ሄማ በጣቷ ጠራችኝ። በረሃብ ከንፈሯ ደርቋል።

«ሌላው ጠርሙስ እናንተ ቤት ነው። ቁልፉ አንቺም ጋ አለ። ሩጪ።»

«ብቆይስ?»

አየችኝ፤ ገብቷታል። «ብትቆይም እሄዳለሁ። ግን ዕድሜ ልኬን የዚያችን ሴትዮ ምላስ እየሰማሁ እኖራለሁ።»

ሮጥኩ። ፍሪጁን ከፍቼ ቆምኩ፤ ጠርሙሱ ፊቴ ነው። አጣሁት ብል ማን ያውቅብኛል? ኮከብ በሚቆጥረው ፓንዲትም፣ መለያ በማትጽፈው እናቴም፣ በሂዩስተንም ተናደድኩ። ከዚያ ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት፤ ወተት ወተት ብቻ ይላል። ይዤው ስወርድ አንድ ጫማዬ ደረጃው ላይ ቀረ።

እሳቱ እንደገና ነደደ፣ ዞሩት፣ ቀትር ሳይሞላ አለቀ። አክስትየዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ሄማን በዚያ ቀይ መኪና ወሰዷት።

ሻንታም ዓመት ሳይሞላት ልጇን ተከትላ ሄደች፤ ቤቱ ለሌላ ሰው ተከራየ፣ እኛም ለቀቅን። እዚህ ስኔልቪል የጎን ጎረቤታችንን የማውቀው በሣር ማጨጃው ድምፅ ነው። ባለፈው ክረምት ሄማ ለዘመድ ጉዳይ አትላንታ መጥታ ዳውንታውን ሆቴል አረፈች፤ ደወለችልኝና ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። ለትንሿ ልጇ «የድሮ ጎረቤታችን ልጅ ናት» ብላ አስተዋወቀችኝ። ልክ ናት፣ ሌላ ምን ትበል? በረዶ የበዛበት ውሃ ሰጠችኝ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ፣ እማዬን ሰላም በይልኝ አለችኝ። ልሂድ ብዬ ስነሳ ጫማዋን አድርጋ እስከ ሊፍቱ ሸኘችኝ፣ በሩ እስኪዘጋም ቆማ ጠበቀች። ያኔ ከነሻንታ ቤት ስወጣ ሸኝቶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እንግዳ አልነበርኩማ።