ጸሎቱ «ጸ» እና ፀሐዩ «ፀ»

የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ገብረ ዮሐንስ ልጃቸውን ቃለሕይወትን ካጡ ሦስት ዓመት አለፋቸው። ልጁን ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ በጭነት መኪና የገጨው ሾፌር ያን ዕለት መኪናውን ጥሎ እንደሸሸ ቀረ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «እግዜር ይፍረድ» ቢላቸውም እሳቸው አንድም ቀን «አሜን» አላሉም። ፖሊስ ፍለጋው ሲሰለቸው፣ መሪጌታ ራሳቸው ላሊበላ ከተማ ወዳለ ኢንተርኔት ቤት ገቡ።

የቤቱ ባለቤት ወለላ የሾፌሩን ስም «ፀዳሉ አዝመራው» ብላ መጻፍ ስትጀምር እጇን ያዟት።

«ተይ አንቺ! ጸዳል በጸሎቱ ‹ጸ› ነው እንጂ በፀሐዩ ነው እንዴ?»

አርማ ጻፈችው። የወጣው ሁሉ ስለ ሌላ ሰው ነበር።

«መሪጌታ፣ ኢንተርኔት እኮ ቅኔ ቤት አልገባም» አለች እየሣቀች። «ሰው እንደጻፈው ነው የሚያገኘው። ሰውየው ስሙን በየትኛው ይጽፋል?»

መሪጌታ በመኪናው በር ላይ የነበረውን የስሙን ጽሑፍ አስታወሱ። በፀሐዩ ነበር።

«ይሁን፣ አበላሽተሽ ጻፊው። ፊደሉ ይሙት፣ እሱ ይገኝ!»

ወለላ ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታ ከጎኑ «ሾፌር» የሚል ቃል ጨመረች። የደሴ መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ማስታወቂያ ወጣ። «አሠልጣኝ ፀዳሉ አዝመራው» ይላል፤ ፎቶው ላይ ይሥቃል።

«መንዳት ያስተምራል?» አሉ መሪጌታ በዝግታ።

«አድራሻውን ለፖሊስ ላትምልዎት?»

«አትሚ። ግን እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። እጁ ሲታሰር ቀና ብሎ የሚያየው የእኔን ፊት ይሁን።»