ምድጃው ፊት አልቆምም ያለችው ዓባይነሽ

ዓባይነሽ ከሰው የማትጣላ፣ ግን ከሰው በታች የማትውል ሴት ነበረች። የትውልድ አገሯ የወገራ ሰዎች «አንገቷ አይታጠፍም» ይሏት ነበር፤ አንዳንዱ ሊያሞግሳት፣ አንዳንዱ ሊያማት። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነው ወደ እስራኤል ከመጡት ቤተ እስራኤሎች አንዷ ነች። መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎም ካራቫን በሚሉት ተገጣጣሚ ቤት ውስጥ ከርማ፣ ከባሏ ከአስናቁና ከልጆቿ ጋር ቂርያት ጋት ከተማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳት። ብዙም ሳትቆይ በኢንዱስትሪ ቀጠናው ካሉት የጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጥራ የኮት እጅጌ መስፋት ጀመረች።

ቴሌቪዥኑን ያመጣው አስናቁ ነው። ከታች ፎቅ የለቀቁ ሩሲያውያን ትተውት ሄደው ነበር፤ ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ከልጆቹ አንዱ ተነሥቶ ጎኑን በጥፊ ይለዋል፤ እሱም ይረጋል። ማታ ማታ ሁሉም ሳሎን ይሰበሰብና ዜና ያያል። የምትተረጉመው ትልቋ ልጅ መብራት ነች። ትምህርት ቤት አስተማሪዋ የስሟን ፍች ጠይቃ፣ ብርሃን በዕብራይስጥ «ኦር» ነው ብላ ኦሪት ብላታለች። አስናቁ ይህን ሲሰማ፣ ኦሪት መጽሐፋችን ነው እንጂ እንዴት የልጅ ስም ይሆናል ብሎ ተገረመ፤ እቤት መብራት ሆና ቀረች። ስትተረጉም የምትጨምረው አልነበረም፤ የምትቀንሰው ግን ነበር። ስለ ኢትዮጵያውያን የማይሆን ነገር ከተነገረ «ስለ ዝናብ ነው የሚያወሩት» ትላለች።

በዚያ ሰሞን የቤተ እስራኤል ቄሶች፣ አይሁድነታችን እንደ አዲስ አይመርመር፣ ልጆቻችንንም እንደ አባቶቻችን ሥርዓት እናጋባ ብለው ኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጥተው ተቀምጠው ነበር። አስናቁ ጥላ የያዙት ሽማግሌዎች በቴሌቪዥኑ በታዩ ቁጥር፣ በበር የገቡበት ይመስል ብድግ ይላል። ዓባይነሽም ሥራ ባትውል ኖሮ አብራቸው ትቀመጥ እንደነበር ለጎረቤቱ ሁሉ ትናገር ነበር።

አንድ ማክሰኞ ማታ ዜናው አልቆ የቀልድ ዝግጅት ቀጠለ። አንድ ተዋናይ ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ፣ አንሶላ ተከናንቦ ከአውሮፕላን ይወርዳል። ቤት ይሰጡታል። ማቀዝቀዣውን ከፍቶ እጅ ይነሣዋል፤ ከዚያ ውስጡ እንጨት ደርድሮ ክብሪት ይጭራል። ተመልካቹ በሣቅ ፈነዳ። ትንንሾቹ ልጆችም መጀመሪያ አብረው ሣቁ፤ ኋላ የመብራትን ፊት አይተው ሣቁን ተዉት። ዓባይነሽ ሰውዬው ምን እያለ እንደሆነ ጠየቀች። መብራት ስለ ዝናብ ነው ለማለት እንኳ አልሆነላትም፤ ተነሥታ አጠፋችው።

«ተይው፣ አትተርጉሚው» አለች እናቷ። «ሣቅ ትርጉም አይፈልግም።»

በማግሥቱ ፋብሪካ ለቁርስ ዕረፍት ስትወጣ፣ የሠራተኞቹ ማቀዝቀዣ ላይ የክብሪት ቀፎ ተቀምጦ አገኘች። ሰዉ ሁሉ በዳቦው ውስጥ አንገቱን ቀብሮ በጎን ያያታል። ዓባይነሽ ክብሪቱን አነሣች፣ ነቅነቅ አድርጋ ሙሉ መሆኑን ሰማች፣ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። በዚያች ባለችው ዕብራይስጥ፣ እቤት አልቆብኝ ነበር፣ ያስቀመጠው ሰው እግዜር ይስጠው አለችና ሻይዋን ልትቀዳ ሄደች። አጠገቧ የምትሰፋው ሺርሊ ብቻ ነበረች ድምፅ አውጥታ የሣቀችው፤ የሣቀችውም በሌሎቹ ላይ ነው። የሺርሊ እናት ከሞሮኮ መጥተው ከመርከብ የወረዱ ለት ራሳቸው ላይ የተባይ ማጥፊያ ዱቄት ተነፍቶባቸው ነበር፤ ይህን ለዓባይነሽ የነገረቻት ያን ቀን ነው።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከስደተኞች ቢሮ ሞራን የምትባል ወጣት መጣች። የቴሌቪዥን ሰዎች የአንድ አዲስ ገቢ ቤተሰብን ኑሮ ሊቀርጹ ይፈልጋሉ፣ እኔም የእናንተን ስም ሰጠሁ አለች። ዓባይነሽ ደስ አላት። በዚያ በተሣቀበት መስኮት እሷም ብቅ ብላ የምትናገረው ነበራት፤ ስለ ቄሶቹ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ ልጆቿ ትምህርት። አውቶቡስ ላይ ሆና ንግግሯን በልቧ ስታሰካካ ሰነበተች። በቀኑ ዶሮ ወጥ ሠርታ፣ ቤቱን ወልውላ፣ ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ጃኬት ለብሳ ጠበቀቻቸው።

ሰዎቹ ገቡ፤ አንድ አዘጋጅ፣ አንድ ካሜራ የያዘና አንዲት ፀጉረ ነጭ በጎ ፈቃደኛ። አዘጋጁ ጃኬቱን አይቶ የሐበሻ ቀሚስ የለሽም ወይ አለ። አለኝ ብላ የክት ቀሚሷን ለብሳ ወጣች፤ ይህ አላስከፋትም። ቀጥሎ ወደ ማድቤት ወሰዷት። በጎ ፈቃደኛዋ ክብሪት ይዛ በጋዝ ምድጃው ጎን ቆማለች። አዘጋጁ ረዘም አድርጎ ተናገረ። መብራት አሳጥራ፣ «ምድጃው አጠገብ ቁሚ ይሉሻል» አለች።

ዓባይነሽ የዕብራይስጡን ርዝመትና የአማርኛውን ማጠር አስተያየችው።

«ያለውን ሁሉ ንገሪኝ» አለቻት።

መብራት ወለሉን እያየች፣ «እሳቱን አይተሽ እንደማታውቂ ሆነሽ ፍሪ፣ እሷ ታስተምርሻለች፣ ከዚያ ትስቂያለሽ ነው የሚለው» አለች።

ወጡ ከምድጃው ላይ ነበር። ዓባይነሽ ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አማሰለችው፣ እሳቱን አጠፋች፣ እጇን ጠረገች። ከዚያ ወደ አዘጋጁ ዞረች።

«እንዲህ በይው» አለቻት ልጇን። «ይህ ወጥ በፀሐይ የበሰለ መስሎሃል ወይ? እኔ ከልጅነቴ ጀምሬ እሳት አንድጃለሁ። በእንጨትም፣ በኩበትም፣ አዲስ አበባ በቡታጋዝም፣ እዚህም በዚሁ ምድጃ። የማላውቀውን ብትጠይቀኝ አላውቅም እልሃለሁ፣ አላፍርም። የማውቀውን አላውቅም ብዬ ግን ልጆቼ ፊት አልዋሽም። አንዲት ቃል ሳትቀንሺ ንገሪልኝ።»

መብራት ጀመረች። መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም ነበር፤ እየቆየ ግን ከፍ አለ፣ ኩበት የሚለው ጋ ስትደርስ በዕብራይስጥ ቃሉ ጠፍቷት እንኳ የደረቀ የላም እበት ብላ አልፋው ሄደች። አዘጋጁ ፈገግ እንዳለ፣ ኦሪት፣ እባክሽ እናትሽን ለምኚልኝ፣ የአንዲት ደቂቃ ነገር ነው አላት።

«አልለምናትም» አለችው ልጅቷ።

አስናቁ ተጨነቀ። እንግዳ ቅር ብሎት ከቤት ሲወጣ አይወድም። ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ፣ የመጡት በእኛ ፈቃድ ነው፣ ምናለበት አላት በቀስታ።

«ወጤን ይብሉ» አለችው። «እኔን ግን አይብሉኝ።»

አልበሉም። ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ከደረጃው ግን አልወረዱም። ሞራን ማዶ ያለውን በር ስታንኳኳ ተሰማ። እዚያ የምትኖረው ይሻሽ ነች፤ ሕፃን ያቀፈች ወጣት። ባሏን የስደተኞች ቢሮ ሰዎች፣ ዘመዶቹ በክርስትና የኖሩ ናቸው ብለው ጎንደር አስቀርተውባታል። ቢሮ የሚባል ነገር ሁሉ ያሸብራታል። ቢሮ የላከውን ሰው እንቢ ብትል የባሏ ጉዳይ የሚበላሽ ይመስላታል።

በሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅቱ ሲታይ ሰፈሩ ሁሉ በየቤቱ አየው። ይሻሽ በነጭ ቀሚስ ምድጃው ፊት ትንቀጠቀጣለች። ክብሪቱ ሲጫር ዘልላ ወደ ኋላ ትሸሻለች። በጎ ፈቃደኛዋ እጇን ይዛ ታስተምራታለች፤ የሚናገረውም ድምፅ፣ ከሺህ ዓመት ጨለማ ወደ ብርሃን ይላል። ይህን መብራት ምንም ሳትቀንስ ተረጎመችው።

ከዚያ ወዲያ ይሻሽ ከቤቷ አልወጣ አለች። ደረጃ ላይ ያገኟት ሴቶች፣ አዋረድሽን ብለዋት ነበር። ዓባይነሽ ከሥራ ስትመለስ ይህን ሰማችና በሯን አንኳኳች። ይሻሽን ሕፃኑን አቅፋ መሬት ተቀምጣ አገኘቻት። ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ ያስፈራኝ እሳቱ አይደለም፣ ሰዎቹ ናቸው።

«ይህንኑ ተናገሪዋ» አለቻት ዓባይነሽ።

«ለማን ልናገር፣ እትዬ?»

«ላየሽ ሰው ሁሉ።»

ያየውን ሰው ሁሉ ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው መብራት ስልክ ብትደውል ሙዚቃ እያሰሙ አቆይተው ዘጉባት። ስለዚህ ወደ አማርኛው ራዲዮ ደወለች፤ ያን ጊዜ ማታ ማታ የኢትዮጵያዊ ቤት ሁሉ የሚከፍተው እሱን ነው። የራዲዮው ሰው ጉዳዩን ሰምቶ በስልክ እቀዳችኋለሁ አለ። ይሻሽ የስልኩን እጀታ ተቀበለች። ስለ ባሏ አስባ አንድ ጊዜ መልሳ ልታስቀምጠው ቃጣት። ዓባይነሽ ሕፃኑን ተቀብላት አጠገቧ ቆመች፤ ተናገሪም ተዪም አላለቻትም።

ይሻሽ ብዙ አልተናገረችም። «ምድጃው ፊት ስትፈራ ያያችኋት ሴት እኔ ነኝ» አለች። «ምድጃ አውቃለሁ። ለልጄ ወተት የማፈላበት ነው። ፍሪ ስላሉኝ ፈራሁ፤ ባሌ በእጃቸው ነውና። ሁለተኛ ግን አልፈራላቸውም።»

ቃሏ እሑድ ማታ ተላለፈ። ሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ አዋረድሽን ካሏት ሴቶች አንዷ፣ ትኩስ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ በሯ ላይ አንጠለጠለችላት፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልወጣትም። ከአሽዶድ፣ ከሐይፋ፣ እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል የሚሉ ስልኮች ወደ ራዲዮው መጡ። ከቴሌቪዥኑ በኩል የመጣ ነገር የለም። ያ አንሶላ የተከናነበ ተዋናይም ዝግጅቱ እስኪያበቃ ድረስ በየማክሰኞው ሲያሥቅ ከረመ፤ ዓባይነሽ ቤት ግን ማክሰኞ ማታ ካሴት ይከፈትና ልጆቹ ይጨፍራሉ። አስናቁም አንዳንዴ ትከሻውን ነቅነቅ ያደርግ ነበር።

ሞራን አንድ ጊዜ ብቻዋን መጣች፤ ስማችሁን ከእንግዲህ ለማንም ሳላማክራችሁ አልሰጥም አለች። ዓባይነሽ አስቀምጣ አበላቻት፣ አልወቀሰቻትም። ስትሄድ ግን እስከ ደረጃው ሸኝታ፣ የይሻሽን ባል ፋይል የት እንዳደረሱት ጠየቀቻት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘቻት ቁጥር ይህንኑ ትጠይቃታለች። የይሻሽ ባል የመጣው ልጁ መሮጥ ከጀመረ በኋላ ነው። ራዲዮው ያፋጥነው ያዘግየው የሚያውቅ የለም።

ሌላ ዓመት ሌሎች ጋዜጠኞች ካሜራ ይዘው ወደ ሰፈሩ መጡ። በየትኛውም በር ቢያንኳኩ የሚወጣው ሰው፣ የምትጠይቁን ምንድን ነው፣ አስቀድማችሁ ንገሩን ይላቸው ጀመር። ዓባይነሽ በሰማያዊ ጃኬቷ ሆና በሯ ላይ ቆመች፤ ስለ ቄሶቹ፣ ስለ ፋብሪካው፣ በትምህርት ቤት ልጆቹን ከኋላ ስለሚያስቀምጡበት ነገር የምትለውን ሁሉ አለች። መብራት አጠገቧ ነበረች፤ እናቷ ከምትናገረው ጋር እኩል እየሄደች ተረጎመች። ንግግሯ ይታይ አይታይ ዓባይነሽ አታውቅም፤ ይተላለፋል በተባለበት ምሽት የእኅቷ ልጅ ሰርግ ነበረባትና እስክስታ ላይ ነበረች።