ዲንካው አይወጣም

«ሶዶ ላይ ደግሞ ኦርኬስትራ ምን ይሠራል?» ለሚሉኝ ሰዎች ድሮ እያስረዳሁ እደክም ነበር። አሁን ትቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ኑና ስሙ እላለሁ፤ አለቀ። ቫዮሊን የሚጫወቱ አስተማሪዎች አሉን፣ ከሆስፒታል ተረኛነት ወጥታ በቀጥታ ፍሉቷን የምታነሳ ነርስ አለችን፣ ትራምፔት የሚነፋ ስልጤ ባለሱቅ አለን። እኔ ቀን ቀን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ እዚያ ደግሞ ቼሎ፣ ሰው የሚያክለውን ትልቅ ቫዮሊን፣ እጫወታለሁ። ቼሎዬን ባጃጅ ላይ ስጭን ሾፌሮቹ ቼሎውን እያሳዩ «ይሄ ሰውዬ ለብቻው ይከፍላል» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይከፍላል እንጂ! ከማን ያንሳል?

የጎደለን ብዙ ነው፤ አልዋሽም። ሆርን የሚባለው የነሐስ መሣሪያ የለንም፣ ቢኖረንም የሚነፋው ሰው የለም። አሰልጣኛችን፣ ሙዚቃ የሚያስተምር ችኩል ሰው፣ አንድ ቀን ከቦዲቲ ወዲያ ካለ ቀበሌ አራት አዛውንቶች ይዞ መጣ። ዲንካ ነፊዎች ናቸው። ዲንካ ረጅም የቀርከሃ መለከት ነው፤ ጫፉ ላይ ቀንድ ይገጠምበታል። አንዱ ዲንካ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማውን ለብቻው የሚጫወት ሰው የለም። አንዱ ይነፋል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ዜማ ይሆናል። አሰልጣኙ ለእነሱና ለእኛ አንድ ላይ የሚሆን ሙዚቃ ጽፎ ነበር፤ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ዋዜማ። መጀመሪያ አብረን ስንሞክረው ቼሎዬ ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ እኔም አለቀስኩ። ምን አስለቀሰሽ ካላችሁኝ ደስታ ነው።

የምንለማመደው በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ነበር። እኔ እዚያው የመዘምራን ክፍል ውስጥ ነው ያደግሁት፤ አባዬ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ ነው። ዲንካው ሁለቴ እንደተነፋ ሽማግሌዎቹ ጠሩን። «ቫዮሊኑ ምንም አይደል። ዲንካው ግን የድሮ አምልኮ ነው፣ የለቅሶ ነገር ነው። ከዚህ አዳራሽ ይውጣ» ተባልን። የተናገረው አባዬ ነበር፤ አጠገቤ ቆሞ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

ደሜ ፈላ። ትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ነው ያስተማሩኝ፤ አልቻልኩም። «ዲንካው ከወጣ እኛም እንወጣለን» አልኩ። አሰልጣኙ ክው አለ፤ ያማከርኩት ነገር የለማ!

«ኧረ ቆይ፣ እህታችን» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ምን እቆያለሁ? ባሕር ማዶ የተሠራ ቼሎ ንጹሕ ሆኖ አያቴ የነፋው ቀርከሃ የሚረክሰው በየትኛው ጥቅስ ነው?»

መልሱ የመጣው በሚቀጥለው እሁድ ነው፤ ንስሐ እስክገባ ከመዘምራን ጋር እንዳልቆም ተነገረኝ። ንስሐ የምገባበት ምን አድርጌ? ቼሎ ይዤ ከዲንካ ነፊዎቹ ጎን ተቀመጥኩ እንጂ ሰው አልገደልኩ!

አያቴ እነዚያ አዛውንቶች ከመጡበት መንደር የወጣ ዲንካ ነፊ ነበር። መለከቱ እስከ ዛሬ ቤታችን ቆጥ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። አባዬ ጌታን ሲቀበል ተሰቅሎ ቀረ፣ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም፤ እኔ የማውቀው እንዲህ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ እዚያ ቤት የምንኖረው እኔና እሱ ብቻ ነን። ከስብሰባው ስንመለስ «ከዲንካው ጋር ከተቀመጥሽ ከእኔ ጋር ማዕድ አትቀመጪም» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ራቱን ይዞ ጓዳ ገባ፤ በማግስቱም እንዲሁ። እኔም ክርር አልኩ፤ የማን ልጅ ሆኜ! ግን ብቻዬን ስበላ እህሉ አልወርድ ይለኝ ነበር። አባቴን እፈልገዋለሁ። ዲንካውንም አለቅም።

ባለሱቃችን መጋዘኑን ከፈተልን። ማካሮኒ ካርቶንና የጨውና የዱቄት ጆንያ መሐል ተኮልኩለን መለማመድ ጀመርን። እሱ ሙስሊም ነው፤ «እኔ በእናንተ ጸብ የለሁበትም፤ ብቻ ካርቶኑ ላይ እንዳትቀመጡ» ይላል። ነርሷ ከዱቄቱ የተነሳ በየመሐሉ ታስነጥሳለች። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ከእኛ በላይ ይጮኻል፤ እኛም ከቆርቆሮው በላይ እንጮኻለን። ማንም ግን አልቀረም።

የጊፋታ ዋዜማ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ወንበር ስንደረድር ከአዛውንቶቹ ሦስቱ ብቻ መጡ። የአራተኛው ወንድም ዲምቱ ላይ ስላረፈ እሱ ለቅሶ ሄዷል። እኛ አገር ለኮንሰርት ተብሎ ለቅሶ አይቀርም፤ ማንም ቅር አላለውም። አሰልጣኙ «የእሱን ድምፅ በኪቦርድ እንሞላዋለን» አለ።

ትልቁ አዛውንት ሳቁ። «ድምፅ እንዲህ ዝም ብሎ አይሞላም» አሉ። በእነሱ መንደር እያንዳንዱ ድምፅ የአንድ ቤት ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል እንጂ ማንም አያነሳውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዛሬ የቀረው ሰው የሚነፋው የእናንተን ቤት ድምፅ ነው። አባትሽ ነበር የሚነፋው፤ የዋዛ ነፊ እንዳይመስልሽ! ሲተወው ጊዜ ነው ለዚህኛው በአደራ የሰጠነው።»

አባዬ? ዲንካ? አያቴ እንጂ አባዬ ነፍቶ እንደሚያውቅ የነገረኝ ሰው የለም። ባጃጅ ይዤ ቤት ከነፍኩ።

አባዬ በረንዳ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ተቀምጧል። አልፌው ገባሁ፤ ወንበር ላይ ወጥቼ መለከቱን ከቆጡ አወረድኩ። አቧራው እንዳያፍነኝ ፊቴን አዙሬ ጨርቁን ፈታሁ። አቧራ የሚባል የለም። ቀርከሃው በቅቤ ታሽቶ ወዝቷል፤ ጨርቁም ንጹሕ ነው። ይዤው ወጥቼ ፊቱ ቆምኩ።

«አባዬ፣ ይሄን ቅቤ የሚቀባው ማነው?»

የመጽሐፉን ገጽ ገለጠ።

«እኔን ከማዕድ አስነስተህ አንተ ተደብቀህ ትቀባለህ? እንዲሰነጠቅም አትፈልግም፣ እንዲሰማም አትፈልግም! እኔ ግን እነፋዋለሁ። ዛሬ ሁሉም ሰው ፊት እነፋዋለሁ።» መጨረሻ ላይ ድምፄ ተሰበረና በራሴ ተናደድኩ። እሱ መጽሐፉን ዘጋ፤ እኔም መለከቱን ይዤ ወደ ሜዳው ተመለስኩ።

ትልቁ አዛውንት ከመድረኩ ጀርባ አስቀምጠው አሠለጠኑኝ። መጀመሪያ ያወጣሁት ድምፅ የታመመች ላም ድምፅ ነው፤ ነርሷ በሳቅ ሞተች። ከንፈሬ አብጦም ቢሆን መንፋቱ ተሳካልኝ። ያስቸገረኝ ተራ መጠበቁ ነው። ቼሎ ላይ እጄ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ እዚህ ሌሎቹ ሲነፉ በግራዬ ያሉትን አዛውንት ትንፋሽ እያዳመጥኩ መቆም አለብኝ።

ከሰዓት ሜዳው ሞላ። ቼሎዬን ወንበሬ ላይ አጋድሜ ከአዛውንቶቹ ጎን ስቆም፣ ሴት ዲንካ ይዛ ያዩት ሁሉ ማጉረምረም ጀመሩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም ጉዳችንን ሊያዩ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። አንገቴን አልደፋሁም። ቫዮሊኖቹ ጀመሩ፣ ትራምፔቱ ገባ፣ ቀጥሎ እኛ። ነፋሁ። እስከ ሆዴ ነዘረኝ። አጥሩ ሥር አባዬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሞ አየሁት። ከዚያ በኋላ ወደዚያ አላየሁም፤ ተራዬን ብስት ማን ይምረኛል? አንዴ ትንፋሽ አጥሮኝ ዘግየት አልኩ፣ ግን ማንም የነቃብኝ አልመሰለኝም። ሲያልቅ ሜዳው «ዮዮ ጊፋታ!» በሚል የበዓል ጩኸት ተናጋ። አንዱ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ። ይውጡ።

እስከ ዛሬ ወደ መዘምራን አልመለሱኝም፤ እሁድ እሁድ ምእመኑ መሐል ቆሜ ከመዘምራኑ በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ እዘምራለሁ። አዳራሹንም አልሰጡንም። ዲንካውም አልወጣም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘኑ ውስጥ ነን።

ያን ዕለት ሲመሽ መለከቱን አቅፌ ቤት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የተቀቀለ የቦዬ ሥር ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር ቀርቧል፤ ሳህኑ ሁለት ነው። አባዬ ሳይጀምር እየጠበቀኝ ነበር። እጄን ታጥቤ ተቀመጥኩ፤ ጸሎት አደረገ። ትንሽ በላን። ከዚያ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ፣ በወላይትኛ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ሁለተኛው ዙር ላይ ዘግይተሻል። በግራሽ ያለው ሰው ትንፋሹን እስኪጨርስ አይጠበቅም፤ ሊጨርስ ሲል ነው የሚገባው።»

እጁን በልብሱ ጠረገና ዘረጋልኝ። «እስቲ አምጪው።»