ከመንኮራኩሩ ላይ የማይታየው ቤት

እንግዳዬ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ማክሰኞ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ብቻዬን ወደ መዝናኛ ፓርኩ ሄድኩና ያለውን መጫወቻ በሙሉ ተራ በተራ ተሳፈርኩበት። በሥራ ቀን ፓርኩ ባዶ ነው። ትኬት ቆራጩ፣ ነጠላ የለበሰች፣ መነጽር ያደረገች፣ አርባን የተሻገረች ሴት በሚሽከረከረው ሲኒ ውስጥ ብቻዋን ስትቀመጥ አይቶ ልጅሽ የታለ ብሎ ጠየቀኝ። ልጅ የለኝም፣ ለእንግዳ እየሞከርኩ ነው አልኩት። ወጥ እንደሚቀምስ ሰው ማለት ነው ብሎ ሳቀ። ልክ እንደዚያ ነበር።

ከእያንዳንዱ ስወርድ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጥና ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። ስለ ሲኒው፦ «ሆድ ይገለብጣል፤ አይሆንም።» በሰንሰለት ስለተንጠለጠለው ዥዋዥዌ፦ «ጫማ ያስወልቃል፤ ቀሚስ ለለበሰ ሰው ነውር ነው።» ወዲያና ወዲህ ስለሚወነጨፈው መርከብ፦ «ለምን እንደተሠራ አልገባኝም።» ስለ ትልቁ መንኮራኩር ግን ረዘም አድርጌ ጻፍኩ፦ «ዝግ ያለ ነው። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ከላይ ሐይቁን በሙሉ ያሳያል። ይሆናል።» «ይሆናል» የሚለውን ከሥሩ አሰመርኩበት።

እንዲህ ነኝ። የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ አንድ መጽሐፍ ያለ ቦታው ተሰክቶ ካየሁ ምሳዬ አይዋጥልኝም። ለእኚህ እንግዳ ደግሞ ምንም ነገር ያለ ቦታው እንዲሆን አልፈለግሁም።

እንግዳዬ እትዬ ናቸው። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ አሠሪዬ ነበሩ። ከገጠር ወጥቼ አዳማ እሳቸው ቤት በሠራተኝነት ስገባ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። እሳቸው ባላቸው የሞተባቸው፣ ወፍጮ ቤቱን ብቻቸውን የሚያንቀሳቅሱ ሴት ነበሩ። በአራተኛው ዓመት አንድ ቀን ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ዘርግቼ ሳፈጥበት አገኙኝና ምን ይላል አሉኝ። የሚለውን አላውቅም፣ መስመሩ ቀጥ ማለቱ ግን ደስ ይለኛል አልኳቸው። በሳምንቱ የማታ ትምህርት አስመዘገቡኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አንደኛ ክፍል ገባሁ።

ትምህርቱ የሚጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያ ደግሞ የቀኑ ዕቃ ሁሉ ተከምሮ የሚታጠብበት ሰዓት ነው። እትዬ ከወፍጮ ቤት ይመጡና ቅንድባቸው ላይ ያለው ዱቄት እንኳ ሳይራገፍ ሳህኑን ከእጄ ይቀበሉኛል። ሂጂ፣ በሩን ይዘጉብሻል ይሉኛል። ጎረቤቶቻቸው፣ ሠራተኛ ቀጥረሽ ዕቃ አጣቢ ሆንሽ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸው ሳህኑን ማለቅለቅ ይቀጥላሉ። ስመለስ በርጩማ ላይ ያስቀምጡኝና ዛሬ ምን ተማርሽ ይሉኛል፤ ደብተሬን አውጥቼ ያለውን ሁሉ አነብላቸዋለሁ፤ ሳይንስም ቢሆን፣ የግብርና ትምህርትም ቢሆን። አንዳንዴ ሁለት ክፍል በአንድ ዓመት እያለፍኩ አሥር ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ሐዋሳ ደረሰኝ፤ ተማሪ ሆኜ መጥቼ ሠራተኛ ሆኜ ቀረሁ።

ስለዚህ ሐሳቤ አንድ ነበር። እትዬ ሐዋሳ መጥተው ሦስት ቀን ሲቀመጡ እጃቸው አንድም ሳህን እንዳይነካ። ከከተማው ወጣ ብላ ቱላ ያለችው የኪራይ ቤቴ አንዲት ክፍል ናት፤ ቧንቧው ግቢው መሐል ነው። እዚያ ብወስዳቸው ገና ሳይቀመጡ ዓይናቸው መጥረጊያ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ሆቴል ግን የሚያጥብ ሰው አለው። ሆቴል ይሻላል አልኩ።

ፈቃድ ያገኘሁት በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ሰሞን ነበር፤ ከተማዋ ከአፍ እስከ ገደፏ የምትሞላበት ጊዜ። ሆቴሎቹ ጋ መደወል ጀመርኩ። ስልኩን የምታነሳው ልጅ ሁሉ መጀመሪያ በፈገግታ ድምፅ ታናግረኛለች፤ ቀኑን ስነግራት ግን የበዓል ዋጋ ነው ትለኛለች። ያው አልጋ፣ ያው አንሶላ፣ በሳምንቱ ልዩነት እጥፍ ይሆናል። ሐይቅ ፊት ነው ጓሮ ፊት የምትፈልጊው ብላ የምትጠይቅም አለች። ሐይቁ ለሁሉም በነጻ ተኝቶ ሳለ እዚህ ከተማ በመስኮት በመስኮት ተቆርጦ እንደሚሸጥ ያን ጊዜ ገባኝ። የሆቴሎቹን ስም፣ ዋጋና የመስኮት አቅጣጫ በሠንጠረዥ ጻፍኩ። በመጨረሻ አቅሜ የቻለውን አንድ ሐይቅ ፊት አገኘሁና የሁለት አዳር ከፈልኩ። ሳልከፍል በፊት ሄጄ አልጋውን ተጭኜ አይቻለሁ።

እትዬ በዋዜማው መጡ። ከመናኸሪያ ስቀበላቸው አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ፤ አንቺ ልጅ፣ አልወፈርሽምሳ ብለው ትከሻዬን ደበደቡ። በባጃጅ ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ ምን ልንገዛ ነው አሉኝ። ማረፊያዎ ነው ስላቸው ሕንፃውን ከታች እስከ ላይ አዩት። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የዋጋ ዝርዝር ቀረብ ብለው አነበቡና ተቀባይዋን ልጅ ይሄ ለወር ነው ብለው ጠየቋት። ለአንድ አዳር ነው እማማ አለቻቸው። ወደ እኔ ዞር ብለው ምን ያህል ጤፍ እንደሚሆን በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ከዚያ ሻንጣቸውን ለማንም ሳይሰጡ ይዘው ተከተሉኝ።

የከበዳቸው ዋጋው መሰለኝ። ክፍላችን ሁለት አልጋ አለው፤ መጋረጃውን ስከፍት ሐይቁ እንዳለ ገባ። እትዬ ሻንጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ቆይተው፣ መስኮቱን ብከፍተው ይከፋሻል አሉኝ። ቀጥለው፣ ብትፈቅጂልኝ ትንሽ ጋደም ልበል አሉኝ። እራት ሲቀርብ እግዜር ይስጥልኝ አሉ። ግቢውን አቋርጦ በሚሰማ ድምፅ «አንቺ ልጅ!» ይሉኝ የነበሩ ሴት ፈቃድ ይጠይቁኝ ጀመር። ደብተሬ ላይ ላሰፍረው የማልችለው አንድ ነገር እንደተበላሸ ታወቀኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ሁለቱም አልጋዎች ተነጥፈዋል። ፎጣዎቹ ታጥበው በረንዳው ብረት ላይ ተሰጥተዋል። ብርጭቆዎቹም ጠርተዋል። ልታጸዳ የመጣችው ልጅ፣ እማማ እንጀራዬን ሊያሳጡኝ ነው እያለች ትስቃለች። እትዬ፣ ሕንፃው ሙሉ ሰው ነው፤ የዚች ልጅ እጅ ምን ይሁን አሉኝ። የከፈልኩበት ዕቅድ እንዲህ በፎጣ ተሸነፈ።

ቀኑ ጫምባላላ፣ የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ወደ ፓርኩ ስንሄድ መንገዱ ሰው ብቻ ነው፤ በዓሉ ከሚከበርበት ከጉዱማሌ ሜዳ የሚመለሰው ባህል ልብሱን እንደለበሰ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ፎቶ እያነሳ፣ የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች በቡድን በቡድን። በየደረስንበት «አይዴ ጫምባላላ» እንባላለን፤ እትዬም ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ይመልሱ ጀመር። ማክሰኞ ባዶ የነበረው መንኮራኩር ዛሬ ወረፋው ከትኬት መሸጫው አልፎ አጥሩን ተከትሎ ታጥፏል። ይሄን አላሰብኩም ነበር። መጫወቻዎቹን ሁሉ መዝኜ ሰውን ሳልመዝን ቀርቻለሁ። ይቅር፣ እንመለስ አልኳቸው። አንድ ተማሪ፣ ማዘር ወደፊት ይለፉ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው። ወረፋዬን እጠብቃለሁ፣ ወፍጮ ቤት ስንቱን ወረፋ ሳስጠብቅ ኖሬ የለ ወይ አሉት።

አንድ ሰዓት ቆምን። ያን አንድ ሰዓት ዛሬም አመሰግነዋለሁ፤ እትዬ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸው ተፈታ። የሚሽከረከረውን ሲኒ አይተው ይሄ ወፍጮ ነው፣ የሚፈጨው ሰው መሆኑ ነው እንጂ አሉ። መርከቡን እንዳየሁት አዩት፤ እነዚህ ሰዎች ከፍለው ነው የሚጮኹት ብለው ጠየቁኝ። ዥዋዥዌው ላይ ግን አልተስማማንም፤ እኔ ነውር ያልኩትን እሳቸው፣ ጉልበቴ ቢፈቅድ እሱን ነበር የምወጣ አሉ። ተራችን ሲደርስ ከመሳፈራቸው በፊት ጆሯቸውን ሲጢጥ ወደሚለው ሞተር አዘነበሉ። ኩሽኔታው ግራሶ ጠምቶታል አሉት አሳፋሪውን። ጠዋት ነው የተቀባው ማዘር፣ ሜካኒክ ነዎት እንዴ አለ። ወፍጮ ቤት አለኝ አሉት። ሰውየው ቀልዱን ተወና ማሽኑን አቁሞ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ በእጁ ዳሰሰ፤ ግራሶውን፣ ያን ወፍራም የማሽን ቅባት፣ አምጥቶ ጨመረበት። ጩኸቱ ጠፋ። ወረፋው አጨበጨበላቸው፤ እትዬም ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ።

ከታች ሰው ለመጫን ሲቆም እኛ ጫፍ ላይ ነበርን። መቀመጫችን ትንሽ ይወዛወዛል። እኔ ያጠናሁትን መዘርዘር ጀመርኩ፤ ሐይቁን፣ የታቦርን ተራራ፣ ጉዱማሌ ላይ ነጭና ቀይ ሆኖ የሚታየውን ሕዝብ። እትዬ ግን ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ወደ ከተማው ዞሩ።

«ሐይቁን አየሁት፤ ደስ ይላል» አሉ። «ቤትሽ በየት በኩል ነው?»

ወደ ደቡብ አመለከትኳቸው። ከአላሙራ ተራራ ወዲያ ነው፣ ቱላ፣ ከዚህ አይታይም አልኳቸው።

«እሱን እንዳላይ ነው እዚህ የሰቀልሽኝ?»

ሳቅ ያለበት ድምፅ አልነበረም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መጥረጊያውን፣ ሳህኑን፣ አሥሩን ዓመት፣ እጃቸው እንዲያርፍ መፈለጌን። እየሰሙኝ የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ።

«እኔ ደግሞ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሠራተኛዬ እንደነበርሽ እንዳይታወቅብሽ ከሰፈርሽ ያራቅሽኝ መስሎኝ ነው። ለአከራይሽ ማን ናቸው ብለሽ እንደምታስተዋውቂኝ የጨነቀሽ መስሎኝ። ግድ የለም፣ ይሁን ብዬ ተቀብዬው ነበር።»

አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

«ዕቃውን ያጠብኩት ስትመለሺ እንድታነቢልኝ ነበር እኮ። ቀኑን ሙሉ የወፍጮ ጩኸት ስሰማ ለዋልኩት እሱ ነበር ዕረፍቴ። ዕረፍት ልትሰጪኝ ከሆነ እሱን ስጪኝ።»

መንኮራኩሩ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛ ስንዞር ሁለታችንም ፊታችን ወደ ደቡብ ነበር፤ የማይታየውን ቤት እያየን።

ቀጥታ ወደ ሆቴሉ ሄደን ሻንጣውን አወጣን። ለቀሪው አዳር የተከፈለው በበዓል ሰሞን አይመለስም አለችኝ ልጅቷ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደረሰኙ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቤ እከራከር ነበር። እትዬ ክንዴን ይዘው፣ ለምታጸዳዋ ልጅ ይሁንላት፣ አልጋውን ከማንጠፍ ታርፋለች አሉ። ባጃጅ ይዘን ቱላ ገባን።

አከራዬ ሲዳማ ናት፤ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ ኮስታራ ሴት። የበዓሉን ቡርሳሜ፣ ያን በቅቤ የራሰ የቆጮ ምግብ፣ በሸክላ ዕቃ ለእንግዳዬ አስቀምጣ ከትናንት ጀምሮ ትጠብቃለች። እንግዳሽን ሆቴል አሳደርሽ ሲሉኝ እኔ አፈርኩልሽ አለችኝ በራፉ ላይ። ቀጥላ እትዬን አይታ፣ እናትሽ ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። እትዬ ሻንጣቸውን ይዘው መሬት መሬት አዩ።

«ያስተማሩኝ እናቴ ናቸው» አልኳት። «ቤታቸው ሠራተኛ ነበርኩ። ዕቃዬን እያጠቡ ነው ትምህርት ቤት የላኩኝ።»

አከራዬ ምንም አልደነቃትም። ታዲያ ይግቡ እንጂ፣ ምን ያቆማቸዋል አለችና ወንበር አወጣች።

ከበላን በኋላ እትዬ ሳህኖቹን ሰበሰቡ። እጄ ሊቀማቸው ተዘረጋ፤ ራሴን ያዝኩ። እጃቸውን አደራርቀው መጀመሪያ መደርደሪያዬን አዩ፤ የመጻሕፍቱን ጀርባ አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ። ስለ ማሽን የሚናገር የለሽም አሉኝ። ታሪክና ልብ ወለድ ብቻ ነው ያለኝ አልኳቸው። ታሪኩም ይሁን ብለው ሳህኑን ይዘው ወደ ቧንቧው ወጡ። በርጩማዬን ደጃፍ ላይ አድርጌ አንዱን የታሪክ መጽሐፍ ገለጥኩ። ፀሐይዋ ገና ከአጥሩ በላይ ነበረች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ፤ እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ፣ ለራሴ በሚሰማ ድምፅ።

እትዬ ከቧንቧው አጠገብ አንገታቸውን አቀኑ።

«አንቺ ልጅ፣ ጮክ በይ! ውሃው ይጮኻል።»

ጮክ አልኩ።