ምስክሩ ፉርጎ

አባቴ በዕድሜው ባቡር አይቶ አያውቅም ነበር። ጎንደርም አይታ አታውቅም። የእኔ ማግባትና አለማግባት ግን በአንድ የባቡር ፉርጎ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሰነበተ። ዛሬም ሳስታውሰው ሳቄ ይቀድመኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ እዚያው ጎንደር አራዳ ውስጥ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። የስፌት መኪና የሚጠግን አንድ ረዥም ሰው ነበር። በዚያ ዓመት የእኔን መኪና ያህል የታመመ መኪና በከተማው አልነበረም። እሱ ሲመጣ ጣቴን በመርፌ እወጋለሁ፤ ሲሄድም እወጋለሁ። በመጨረሻ ቁስቋም ወዳለው ቤታችን ሽማግሌ ላከ።

ዘር ተቆጠረ፤ ከእኛ ጋር አይገናኝም፤ ሸጋ ተባለ። ችግሩ ሌላ ሆነ። ሰውዬው በልጅነቱ ከጎንደር ወጥቶ ያደገው ድሬዳዋ ነው፤ እዚያም ባቡር የሚጎትተውን የዕቃ ፉርጎ ሲጠግን መኖሩን ይናገራል። አባቴ ደግሞ ዕድሜውን በመሬት ክርክር የፈጀ ሰው ነው። ያለ ምስክር ፀሐይ መውጣቷን እንኳ አይቀበልም። ሰውዬው ራሱ ቀርቦ ይናገር አለ።

"ለዚያ ሁሉ ዓመት ምስክርህ ማን ነው?" ብሎ ጠየቀው።

እሱን ድሬዳዋ ያየ ሰው ሁሉ ያለው እዚያው ድሬዳዋ ነው። የእኔ ሰው ግን ተስፋ አልቆረጠም። አራዳ ከሚነግድ አንድ ጣሊያን ሱቅ ካርቶን ገዝቶ መጣ። በውስጡ ተቆራርጦ የተቀመጠ እንጨትና ቆርቆሮ አለ፤ በሙጫ ሲገጣጠም ከመዳፍ ትንሽ የሚያልፍ ፉርጎ ይሆናል። አሠራሩን በሥዕል የሚያሳይ ወረቀትም አለው።

"ይኸው ምስክሬ" አለ። "ስጠግነው የኖርኩት እንዲህ ያለውን ነው።"

አባቴ ደስ አለው። ካርቶኑን ከሽማግሌዎቹ መሐል አስቀመጠው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ በልቤ ሠርጌን እየደገስኩ ነበር።

የእኔ ሰው ሲገጣጥም ቆየና ወረቀቱን አይቶ ፊቱን አጨማደደ። "ይህ በር ስሕተት ነው" አለ። "እንደ ቤት በር ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርገው ሥለውታል። የእውነተኛው ፉርጎ በር ወደ ጎን ይንሸራተታል።" ወረቀቱን ትቶ ከቆርቆሮው ቀጭን ሐዲድ ቆረጠና በሯን ተንሸራታች አድርጎ ሠራት።

አባቴ ብድግ አለ። ዳኛ ፊት የቆመ ይመስል ኩታውን አደገደገ።

"ተጠየቅ! ምስክሩን ያመጣኸው አንተ ነህ?"

"አዎን፣ እኔ ነኝ።"

"ዋሽቷል የምትለውስ?"

"እኔው ነኝ፤ ነገር ግን..."

"የገዛ ምስክሩን ያስተባበለ ተረታ!" አለ አባቴ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

በማግስቱ ስፌት ቤት ሲመጣ ልሰነጥቀው ደረስኩ። "ምነው በሯን እንደ ወረቀቱ ብትለጥፋት? ጠላ የጠጣ ሽማግሌ በር መርምሮ ያውቃል?"

"እውነተኛ ነኝ ለማለት የውሸት በር ልለጥፍ?" አለኝ ግራ ገብቶት።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ በደስታ ራሴ ዞረ። አውራ ጣት ለማታክል በር የማይዋሽ ሰው እኔን ሊዋሸኝ ነው? ይህን ሰው ካላገባሁ ገዳም እገባለሁ ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ ገዳሙ አይቀበልሽም አለችኝ።

አንድ ወር ሳይሞላ የአባቴ ክርክር በይግባኝ አዲስ አበባ ወጣ። አክስቴን ልይ ብዬ ተለማምጬ አብሬው ሄድኩ። ቤታችን የቀረችውን ፉርጎ በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፤ አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ከራሴ በፊት እሷን አቅፋለሁ። አባቴ እንዳላየ ሆነ። ዓባይ ቁልቁለት ላይ ግን ፊቱን ሳያዞር "ምስክሩ ደኅና ነው?" አለኝ።

ችሎት ከመድረሳችን በፊት ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሄድን። ፉርጎዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አንድ ኩሊ መጥቶ በሩን በትከሻው ገፋው። በሩ እየተንጓጓ ወደ ጎን ሄደ።

"ተንሸራተተ!" ብዬ ጮኽኩ። ዘለልኩ። ኩሊው ደነገጠ፤ አንዲት ዳቦ ሻጭ አማተበች።

አባቴ ፉርጎዋን ከእጄ ወሰደ። ከኩታው ጫፍ ክር መዝዞ የትንሿን ርዝመት ከቁመቷ አስተያየ፤ ትልቁን በከዘራው ለካ። ጣሪያውን አየ፤ አጉረመረመ። ሌላ ሰበብ ሊያገኝብን ነው ብዬ ፈራሁ። ጭራሽ ኩታውን ሰብስቦ ከፉርጎው ሥር ገባ።

ዘበኛ ዱላ ይዞ እየሮጠ መጣ። "አባቴ! ይውጡ ከዚያ! ምን እየሠሩ ነው?"

አባቴ ዞር ብሎም አላየው።

"ልጄን እየዳርኩ ነው" አለ ከሥር። "ና፣ ይህችን ጫፍ ያዝልኝ።"

ዘበኛው እንባዬን አየ፤ ሳቄንም አየ። ዱላውን ሐዲዱ ላይ አስቀምጦ ክሩን ያዘ።